ቶማስ ኤዲሰንና የመብራት ዕድሜ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ብርሃን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያገኙትን ብርሃን ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ኩራዝ የሚያበራ ሰው ጋዙ እስከ መቼ እንደሚበቃው፥ ጧፍ የሚያበራም ሰው ሰሙ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አስቀድሞ ያስባል። የኤሌክትሪክ መብራት ግን ማብሪያውን በመጫን ብቻ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ አምፑልም እንደ ኩራዝ ጋዝ የሚያልቅ ዕድሜ እንዳለው ብዙዎቻችን አናስበውም። አምፑሉ ሲቃጠል ብቻ እንደነግጣለን።

ይህን ነገር አብዝተው ካሰቡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አምፑልን የፈለሰፈ ሰው በመባሉ ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ከእርሱ በፊት በኤሌክትሪክ ብርሃን ያወጡ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ። የእነርሱ መብራት ጉድለቱ አለመብራቱ ሳይሆን አለመቆየቱ ነበር። ስለዚህ የኤዲሰን ዋና ሥራ መብራት ስንት ሰዓት ይቆያል፥ ዕድሜውንስ ምን ያሳጥረዋል ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ነበረ ማለት ይቻላል።

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፥ በሊበንም ገጠር ቢሆን፥ አንድ ፕሮጀክተር ለብዙ ክፍል በሚያገለግልበት ትምህርት ቤት አንዲት አምፑል በተቃጠለች ጊዜ የሚጨልመው ግድግዳው ብቻ አይደለም። የልብን አሠራር በሥዕል ሊያይ የነበረው ተማሪ ሳያይ ይቀራል፤ መምህሩም ወደ ጠመኔው ይመለሳል። አዲሲቱ አምፑል ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝታ የምትመጣ ስለ ሆነች፥ እስክትገኝ ድረስ አንድ የትምህርት ዘመን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ከመብራት ዕድሜ ጋር አያይዤ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን ለማቅረብ አሰብሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቶማስ ኤዲሰን በየካቲት ወር 1847 ኦሃዮ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፥ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል፥ እናቱ ናንሲ ይባላሉ፤ ቶማስም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። ሰባት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት፥ ወደ ፖርት ሂውረን ከተማ ተዛወረ። በትምህርት ቤት የተቀመጠው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ መምህሩ ልጁ የማይገባው መስሎት ስለ ነበረ እናቱ ከትምህርት ቤት አወጣችው። እርስዋም ቀድሞ አስተማሪ ስለ ነበረች በቤትዋ አስተማረችው፤ መጽሐፍ ማንበብንና ያነበበውን በእጁ መሞከርን አስለመደችው። ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት በማጣት ከትምህርት ይርቃሉ፤ ኤዲሰን ግን ትምህርት ቤት ባጣ ጊዜ እናት ነበረችው።

12 ዓመት ሲሆነው ከፖርት ሂውረን ወደ ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ። ባገኘው ገንዘብ መድኃኒትና ዕቃ እየገዛ በባቡሩ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ የኬሚስትሪ ሙከራ ያደርግ ነበር። ያችኑ ፉርጎ ማተሚያ ቤትም አድርጎ በ1862 የራሱን ትንሽ ጋዜጣ አሳተመ። በዚያው ዓመት የአንድ የባቡር ጣቢያ ሹም ሕፃን ልጅ በሐዲዱ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊጨፈልቀው ሲል ኤዲሰን ዘልሎ አዳነው። አባትየውም ውለታውን ለመመለስ የቴሌግራፍ ሥራ አስተማረው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው እየደከመ ሄደ፤ እርሱ ግን አለመስማቱ ሐሳቡን እንዳይበታተን ረዳው እንጂ አልጐዳውም ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነ። በ1869 ቦስተን ከተማ ሳለ ለመጀመሪያው ፈጠራው የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። ፈጠራውም በምክር ቤት ድምፅ የሚቈጥር የኤሌክትሪክ መኪና ነበረ፤ ነገር ግን የምክር ቤት አባሎች ቈጠራው እንዲፈጥን አልፈለጉምና የሚገዛው አላገኘም። ኤዲሰንም ሰው የማይፈልገውን ነገር ለመሥራት ዳግመኛ ጊዜውን እንዳያጠፋ ወሰነ። በኋላ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ዋጋ የሚያትም የቴሌግራፍ መኪና አሻሽሎ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ በዚያም ገንዘብ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1871 ሜሪ ስቲልዌልን አገባ። እርስዋም በ1884 ሞተችበትና በ1886 ሚና ሚለርን አገባ።

በ1876 በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፥ ሜንሎ ፓርክ በምትባል መንደር የምርምር ቤት ሠራ። በዚያ ዘመን ፈልሳፊ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይሠራ ነበር፤ ኤዲሰን ግን የሒሳብ ዐዋቂውን፥ የብርጭቆ ሠሪውን፥ የብረት ሠራተኛውንና የኬሚስትሪ ተመራማሪውን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ከፈጠራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የማኅበር አሠራሩ ነው ይላሉ። በ1877 በዚሁ ቤት ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ፤ ስሙም በዓለም ተሰማ።

በ1878 ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መብራት መለሰ። በዚያን ጊዜ አርክ የሚባለው የኤሌክትሪክ መብራት በአንዳንድ አደባባይ ይታይ ነበር። ይህ መብራት በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል በሚዘለው ብልጭታ የሚሠራ ነው፤ ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ለመኖሪያ ቤት አይሆንም፤ ዘንጎቹም እየነደዱ ስለሚያጥሩ ሁልጊዜ ማቀራረብና መለወጥ ያስፈልግ ነበር። ለቤት የሚሆነው በቀጭን ክር ውስጥ ኮረንቲ አልፎ ክሩ እስኪግልና እስኪያበራ የሚደረገው መብራት ነው። ይህችን ክር ፊላመንት ይሏታል። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን የሚባል ሊቅ ብዙ ዓመት ደክሞባታል፤ ሌሎችም እንዲሁ። ችግሩ ግን ክሪቱ ጥቂት እንዳበራች ትቀልጣለች ወይም ትነዳለች።

ኤዲሰን አስቀድሞ ፕላቲኒየም በሚባለው ውድ ብረት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሙከራው ግን ሁለት ነገር አስተማረው። አንደኛው፥ ክሪቱ የምትነደው በአምፑሉ ውስጥ የቀረው አየር ስለሚያቃጥላት ነው። ስለዚህ በሜርኩሪ የሚሠራ የአየር መሳቢያ አምጥቶ አየሩን እጅግ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አስወጣው። ሁለተኛው፥ ክሪቱ በጣም ቀጭን ሆና ኮረንቲውን በብርቱ የምትቃወም እንድትሆን ያስፈልጋል፤ ይህ ከሆነ ለእያንዳንዱ አምፑል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ጥቂት ይሆናል፤ በየመንገዱ የሚዘረጋውም የመዳብ ሽቦ ሊቀጥን ይችላል። በዚህ ነገር የሒሳብ ዐዋቂው ፍራንሲስ አፕተን ብዙ ረዳው።

በጥቅምት ወር 1879 ተራ የጥጥ ስፌት ክር በምድጃ ውስጥ ወደ ከሰል ለውጠው በአምፑል ውስጥ አስገቧት። ይህች የጥጥ ክር ከ13 ሰዓት በላይ በራች። ዛሬ ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል፤ ለእነርሱ ግን ከማታ እስከ ንጋት ሊያበራ የሚችል መብራት ማለት ነበረ። ከዚያ ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ከሰል ሞከሩ፤ ዕድሜው ወደ መቶዎች ሰዓት አደገ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1879 ሜንሎ ፓርክ በአምፑሎች አሸብርቃ ለሕዝብ ታየች፤ ከኒው ዮርክም ሰው በባቡር እየመጣ ተመለከተ።

ኤዲሰን ግን በዚህ አላረፈም። ለረጅም ጊዜ የማይቆይ መብራት ሰው ገዝቶ ሊያዘወትረው እንደማይችል ያውቅ ነበርና ከየዓለሙ ልዩ ልዩ እንጨት፥ ሣርና ቃጫ እያስመጣ ሞከረ። በ1880 በእጅ ማራገቢያ ጠርዝ ላይ የተገኘ ቀርከሃ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ አገኘው። የቀርከሃ ክር ቀጥ ብሎ የሚሄድና እኩል ውፍረት ያለው ስለ ሆነ አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ አይግልም። የተሻለውን ዘር ፍለጋ ሰዎችን ወደ ሩቅ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አሜሪካ ላከ። በመጨረሻም በጃፓን አገር በኪዮቶ አጠገብ የሚበቅለው ቀርከሃ ከ1,000 ሰዓት በላይ የሚያበራ ሆኖ ተገኘ። በአዊ ደጋ ለአጥርና ለቤት ዕቃ የምናውቀው የቀርከሃ ወገን፥ በሌላ አገር የሰውን ሌሊት ወደ ቀን ለመለወጥ አገልግሏል ማለት ነው።

በመስከረም 4 ቀን 1882 በኒው ዮርክ ፐርል ስትሪት በተባለው መንገድ ያቋቋመው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራውን ጀመረ፤ በመጀመሪያው ቀን ያበራቸው አምፑሎች 400 ያህል ነበሩ። ኤዲሰን አምፑሉን ብቻ ሳይሆን ማመንጫውን፥ የመሬት ውስጥ ሽቦውን፥ ቈጣሪውን፥ ማብሪያና ማጥፊያውንም አብሮ አዘጋጀ። ከእንግሊዛዊው ስዋን ጋር የነበረውን ክርክርም በ1883 በእንግሊዝ አገር የጋራ ኩባንያ በማቋቋም ጨረሱት። እንዲሁም ከባርነት ካመለጡ ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች የተወለደው ሉዊስ ላቲመር በ1882 ለከሰል ክር አሠራር የራሱን የፈጠራ ማረጋገጫ አግኝቶ ነበር፤ በ1884 ወደ ኤዲሰን ኩባንያ ገባ፤ በ1890ም ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ ጻፈ። ስለ አምፑል ስንማር የዚህን ሰው ስም መዝለል ተገቢ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ኤዲሰንን ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበረ። አምፑሎቹ ሲያረጁ ብርጭቆው በውስጡ እንደ ኩራዝ ጥላሸት ይጠቁር ነበር። ምክንያቱ ከጋለችው ክር ጥቃቅን ቅንጣት እየተነነ በብርጭቆው ላይ መለጠፉ ነው። ክሪቱ በዚህ ትቀጥናለች፤ የቀጠነው ቦታ ይበልጥ ይግላል፤ ይበልጥ የጋለውም ይበልጥ ይተናል፤ በመጨረሻ ትበጠሳለች። ኤዲሰን ጥቁረቱን ለማስቀረት በአምፑሉ ውስጥ ሌላ ብረት አስገብቶ ሲሞክር ኮረንቲ ባዶውን ቦታ አቋርጦ ወደ ብረቱ እንደሚያልፍ አየ። በ1884 ማረጋገጫ ተሰጠው እንጂ ጥቅሙን አላወቀውም። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ግን በ1904 ከዚሁ ነገር ተነሥቶ የመጀመሪያውን የሬዲዮ ቱቦ ሠራ። የመብራትን ዕድሜ ለማርዘም የተደረገው ምርመራ ሬዲዮን ወለደ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚህ የትነት ነገር የሚከተለው ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ይኸውም ብርሃን ሲበዛ ዕድሜ ያጥራል፥ ብርሃን ሲቀንስ ዕድሜ ይረዝማል የሚለው ነው። በ220 ቮልት እንዲሠራ የተበጀ የክር አምፑል 231 ቮልት ያህል ቢደርሰው፥ ጭማሪው ከመቶ አምስት ብቻ ሲሆን ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወደ 209 ቮልት ቢወርድለት ደግሞ ዕድሜው እጥፍ ለመሆን ይቃረባል፤ ብርሃኑ ግን ከመቶ 15 ያህል ይቀንሳል። በካሊፎርኒያ፥ ሊቨርሞር በምትባል ከተማ በእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የበራ የከሰል ክር አምፑል አለ፤ ምሥጢሩም እጅግ ደብዛዛ መሆኑና አንዴ ከበራ በኋላ ብዙም አለመጥፋቱ ነው። በእርሱ ብርሃን ግን መጽሐፍ ማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ብልህ ሰው የሚፈልገው ረጅሙን ዕድሜ ብቻ ወይም ብርቱውን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ለሥራው የሚስማማውን ልክ ነው።

ኤዲሰን በ1887 በዌስት ኦሬንጅ ከቀድሞው የሚበልጥ የምርምር ቤት ሠራ። በዚያም ከረዳቱ ከዊሊያም ዲክሰን ጋር የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚያነሣና የሚያሳይ መኪና አወጡ። ማሳያው ኪኔቶስኮፕ ይባል ነበር፤ በ1894 በኒው ዮርክ ለሕዝብ ተከፈተ። ይህ መኪና ትንሽ አምፑል በውስጡ ያለበት ሣጥን ነበረ፤ በቀዳዳው አጎንብሶ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሥዕሉን በግድግዳ ላይ ለብዙ ሰው ለማሳየት እጅግ የበረታ መብራት ያስፈልግ ነበር። በ1895 ፈረንሳውያኑ የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ይህን አደረጉ፤ በሚያዝያ 23 ቀን 1896 ደግሞ ቪታስኮፕ የተባለው የሲኒማ ማሳያ በኤዲሰን ስም በኒው ዮርክ ታየ። መኪናውን በእውነት የፈለሰፉት ፍራንሲስ ጄንኪንስና ቶማስ አርማት ነበሩ። በሲኒማ ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገለው መብራት ያው በከሰል ዘንግ የሚሠራው አርክ ነበረ፤ ማሳያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውም ዘንጎቹ ባጠሩ ቍጥር ማቀራረብ ግዴታው ነበር።

ያ ቀን የአድዋ ድል ከሆነ ሁለት ወር ያልሞላው ጊዜ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከኤዲሰን በሦስት ዓመት ይበልጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለአፄ ምኒልክ ልከዋል። በዚህ ዓይነት ኤዲሰን ራሱ ሳይመጣ ሥራው አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ እኛ ወደ ጎጃም ግን የኤሌክትሪክ ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በባሕር ዳር አጠገብ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1964 ነው።

ታላቅ ሰው ስሕተት የለበትም ብሎ መጻፍ ለአንባቢ አይጠቅምም። ኤዲሰን ከባላንጣው ከጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ጋር ባደረገው ክርክር ተለዋዋጭ የሚባለውን ኮረንቲ በብርቱ ተቃወመ፤ አደገኛ ነው እያለም ሰዉን አስፈራራ። ይሁን እንጂ ኮረንቲን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ የተሻለው ያው የተቃወመው ነበርና ተሸነፈ። ዛሬ ከግድግዳችን የምናገኘው ኮረንቲም ያው ነው። በ1890ዎቹ በብረት ማዕድን ሥራ ብዙ ሀብቱን አጠፋ። በ1913 ደግሞ የሲኒማ ሥዕል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በትምህርት ቤት መጽሐፍን ይተካል ብሎ ተናገረ፤ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፥ መጽሐፍ ግን አልጠፋም። ከዚህ የምንማረው መብራት የመምህሩ ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌሎች ሰዎች የእርሱን ጥያቄ ይዘው ወደ ፊት ሄዱ። በ1892 የኤዲሰን ኩባንያ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሆኖ ነበር። በዚያ ኩባንያ ዊሊያም ኩሊጅ በ1910 ገደማ ተንግስተን የሚባለውን ብረት ሳይሰበር ወደ ቀጭን ሽቦ የሚስብበትን ዘዴ አገኘ። ይህ ብረት ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። በ1913 ኢርቪንግ ላንግሚዩር ባዶውን አምፑል በናይትሮጅንና በአርጎን ዓይነት እሳት በማያቀጣጥል ጋዝ ሞላው፤ ጋዙም ከክሪቱ የሚነሣውን ትነት ስለሚገታ አምፑሉ ይበልጥ እየበራ እንዲቆይ ተቻለ።

በታኅሣሥ 1914 የዌስት ኦሬንጅ ፋብሪካ በእሳት ጋየ። ኤዲሰን በዚያን ጊዜ 67 ዓመቱ ነበር፤ እርሱ ግን ወዲያው ማሠራት ጀመረ። በዘመኑ ሁሉ በአሜሪካ አገር ብቻ 1,093 የፈጠራ ማረጋገጫ ተሰጥቶታል። በጥቅምት 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ የጥጥ ክሪቱ በበራችበት በ52ኛው ዓመት፥ ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕዝቡ ለአንድ ደቂቃ መብራቱን እንዲያጠፋ ጠየቁ። ማመንጫዎቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ማቆም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የአገሩ ሕይወት በኤሌክትሪክ ላይ ስለ ቆመ ያን ማድረግ አደጋ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ የመታሰቢያ ሐውልት ለማን ተሠርቶለታል?

አሁን ወደ ፕሮጀክተሩ እንመለስ። በፊልም የሚሠሩት የቀድሞ የትምህርት ቤት ፕሮጀክተሮች የተንግስተን ክር ነበራቸው። ብርሃኑ በርቱ ግድግዳውን እንዲሞላ ክሪቱ እጅግ እንድትግል ስለሚደረግ፥ የቤት አምፑል 1,000 ሰዓት ሲቆይ የፕሮጀክተሩ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር። በ1959 ሃሎጅን የተባለው አምፑል የፈጠራ ማረጋገጫ አገኘ፤ በውስጡ ያለው ጥቂት አዮዲን ወይም ብሮሚን የተነነውን ተንግስተን ወደ ክሪቱ ስለሚመልሰው ብርጭቆው አይጠቁርም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ከኮምፒዩተር ጋር በሚሠሩት ፕሮጀክተሮች ክር የሌለው የሜርኩሪ አምፑል ገባ። በዚህ አምፑል ውስጥ ብርሃኑ የሚዘለው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ጫፎች መካከል ነው፤ በሚሠራበትም ጊዜ የውስጡ ግፊት ከ200 እጥፍ የአየር ግፊት ሊበልጥ ይችላል። በኤዲሰን ዘመን እንደ ነበረው አርክ ያለ ነው፤ በአንዲት ፍሬ የምታህል ብርጭቆ ውስጥ ተዘግቶ ግን ተቀምጧል።

የዚህ አምፑል ዕድሜ በሠሪዎቹ አባባል ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ነው። ይህ ማለት ግን በዚያ ሰዓት ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። በቀን አራት ሰዓት ቢሠራበት 2,000ው ሰዓት 500 የትምህርት ቀን ይሆናል። በኤል.ኢ.ዲ. ወይም በሌዘር የሚሠሩት አዲሶቹ ፕሮጀክተሮች እስከ 20,000 ሰዓት ይታሰብላቸዋል።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ነገሮች ግን በእኛ አገር የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። አምፑሉን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አየር የሚስብበት ወንፊት በበጋ አቧራና በጠመኔ ብናኝ ሲደፈን አምፑሉ በራሱ ሙቀት ይጐዳል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር የሚበልጡ ናቸው፤ በከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ሙቀትን እንደ ቈላው አየር አይወስድም። ስለዚህ ብዙ ፕሮጀክተሮች ለከፍታ ቦታ የሚሆን፥ ማራገቢያውን የሚያፈጥን ልዩ ማስተካከያ አላቸው፤ ይህን ሳያስተካክሉ መጠቀም የአምፑሉን ዕድሜ መቀነስ ነው።

ሁለተኛው የአጠፋፉ ነገር ነው። ፕሮጀክተር በራሱ ቍልፍ ሲጠፋ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ እየሠራ አምፑሉን ያበርዳል። ሶኬቱ በድንገት ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ግን ማራገቢያው ይቆምና ሙቀቱ በውስጥ ይታፈናል። መብራት መሄዱን መከልከል አንችልም፤ ሶኬት አለመንቀል ግን በእጃችን ነው። መብራቱ በተመለሰም ጊዜ አምፑሉ ሳይበርድ ለማብራት መታገል አይገባም፤ በውስጡ ያለው ግፊት እስኪወርድ ድረስ አይነሣምና ጥቂት መታገሥ ይሻላል። ኮረንቲው የሚዋዥቅ ከሆነም ማረጋጊያ ማድረግ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ አነሣስ የአምፑሉን ጫፎች ይበላል። ለአምስት ደቂቃ አጥፍቶ እንደ ገና ከማብራት እንደ በራ መተው ይሻላል። አራተኛው እጅ ነው። የጋለ ፕሮጀክተር ሲንቀሳቀስና ሲመታ ይጐዳል፤ አምፑሉንም በባዶ እጅ የሚነካ ሰው የጣቱ ቅባት በብርጭቆው ላይ ይቀርና ያ ቦታ ሲግል ይበላሻል። አሮጌ አምፑል ሜርኩሪ ስላለበት ቢፈነዳ መስኮት መክፈትና ከክፍሉ መውጣት ያስፈልጋል። አዲስ ነገር ሁሉ ቢለዋወጥም እነዚህ ነገሮች ኤዲሰን በሜንሎ ፓርክ ከተማራቸው የራቁ አይደሉም፤ ሙቀትን መግታት፥ ኮረንቲን ማስተካከል፥ ከልክ ያለፈ ብርሃን አለመመኘት።

ውድ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች! እኛ አምፑል እንድንፈለስፍ ዛሬ የሚጠይቀን የለም። ነገር ግን ሌሎች በሺህ ድካም ያገኙትን ብርሃን በአንድ ሶኬት ነቀላ እንዳናጠፋው ግዴታ አለብን። ወንፊቱን በየሳምንቱ የሚጠርግ፥ ፕሮጀክተሩ እስኪበርድ ቆሞ የሚጠብቅ ተማሪ፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ክፍል ትምህርት ይጠብቃል። በዚህ በዓል የምናከብረው ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሚያኮራን የተከፈተበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከተከፈተ ጀምሮ መምህራንና ወላጆች እየተረዳዱ ሳይጠፋ ያቆዩት መሆናቸው ነው። ኤዲሰንን ታላቅ ያደረገውም መብራት ማብራቱ ሳይሆን፥ የበራው እስኪቆይ ድረስ አለመታከቱ ነው።